መልሱ 42 ነው ወይስ 44? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ ጎንደሮች። ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ዳግላስ አዳምስ አስቂኝ ልቦለድ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ሁለት አንቀጽ ብቻ ጣል አድርጌ ነበር ያለፍኩት፣ ሳቅ የናፈቀው ሰው ያንብበው ብዬ፣ ከዛ በኋላ የመጣው መልእክት ግን ሌላ ነው። በቴሌግራም የጻፈ አለ፣ በደብተር ወረቀት ጽፎ በልጅ የላከ አለ፣ ፒያሳ ላይ አስቁሞኝ «ያን ጉድ ጨረስኩት እኮ» ብሎ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተከራከረኝም አለ። ግማሹ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ ይላል፣ ግማሹ ይሄ ደግሞ ምን መጽሐፍ ነው ጊዜዬን ነው የበላው ይላል፣ መሀል ላይ የቆመ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ ለሙሉ የሱ ነው፣ ስለ ሌላ መጽሐፍ የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው ታገሱኝ።

ላላነበበው ሰው ታሪኩ ባጭሩ። አርተር ዴንት የሚባል ተራ እንግሊዛዊ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሲነሳ ቤቱን ሊያፈርስ የመጣ ዶዘር ደጁ ላይ ቆሞ ያገኛል፣ በቤቱ ላይ ማሳለጫ መንገድ ሊወጣ ነው። እሱ ጭቃው ላይ ዶዘሩ ፊት ተጋድሞ ሲከራከር ጓደኛው ፎርድ ፕሪፌክት ይመጣና ነገሩ ከዚህም ይብሳል ይለዋል፣ ፎርድ ለካ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ነው። በዛው ቀን ቮጎን የሚባሉ ፍጡሮች መሬትን ራሷን ሊያፈርሷት ይደርሳሉ፣ ምክንያቱ ያው ነው፣ በሕዋ ውስጥ ለሚያልፍ ፈጣን መንገድ። ሁለቱ በሊፍት የቮጎኖቹ መርከብ ላይ ተሳፍረው ያመልጣሉ፣ ሂችሃይክ የሚሉት እኛ ሊፍት መለመን የምንለውን ነው። ከዛ በኋላ ሁለት ራስ ያለው የጋላክሲ ፕሬዚዳንት አለ፣ ትሪሊያን የምትባል ከመሬት የተረፈች ሴት አለች፣ ማርቪን የሚባል ሁሌ የከፋው ሮቦት አለ፣ ስለ ሕይወትና ስለ ሁሉም ነገር የመጨረሻውን መልስ እንዲሰጥ የተሰራ ትልቅ ኮምፒውተርም አለ። ርዕሱ ላይ ያለው «ጋይድ» ፎርድ ይዞት የሚዞረው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ነው፣ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «አትደንግጥ» የሚል ተጽፎበታል።

እሺ ወደ ደብዳቤዎቹ።

«ጋሼ፣ የሂሳብ መምህር ነኝ። ያ ትልቁ ኮምፒውተር የሰጠው መልስ 42 ነው፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ደግሞ ጥያቄው 6 ሲባዛ በ9 ስንት ነው የሚል ሆኖ ይመጣል፣ 54 እንደሆነ ማንም ልጅ ያውቀዋል። አንድ ተማሪዬ ግን በቤዝ 13 ከሰራነው ልክ 42 ነው ብሎ ሰሌዳ ላይ አሳየኝ። ሰውየው አስቦበት ነው? ልጆቹ ደግሞ እኛ ጎንደሮች 44 ታቦት እያለን እንዴት በ42 እንቀደማለን እያሉ ክፍሉን በሳቅ ገደሉት።» መምህር፣ ከአዘዞ

ተማሪዎ ጎበዝ ነው፣ ስሌቱም ልክ ነው፣ በቤዝ 13፣ ማለትም በአስር ፈንታ በአስራ ሶስት ሲቆጠር፣ 42 ማለት አራት ጊዜ አስራ ሶስት ሲደመር ሁለት ነው፣ 54። አዳምስ ግን አላሰበበትም፣ እኔ በቤዝ 13 ቀልድ አልጽፍም ብሎ ራሱ መልሷል። ስለ 42ም ሰዎች እየደጋገሙ ሲያስቸግሩት የተናገረው አጭር ነው፣ ቀልድ ስለሆነ ቁጥር መሆን ነበረበት፣ ተራና አነስ ያለ ቁጥር፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወደ ግቢው አትክልት አየት አደረገና 42 ይሆናል አለ፣ በቃ። የቲቤት መነኩሴ፣ የኮምፒውተር ኮድ፣ ምናምን እያሉ ሚስጥር ሲፈልጉለት ለኖሩት ሁሉ መልሱ ይሄው ነው።

ግን መምህር፣ እኔ ይሄን ቀልድ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ዲፕ ሶውት ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዓመት አስቦ ስለ ሕይወት፣ ስለ ዩኒቨርስና ስለ ሁሉም ነገር የመጨረሻውን መልስ ሲሰጥ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጠብቃል፣ 42 ሲላቸው ይደነግጣሉ፣ እሱም ችግሩ ጥያቄው ምን እንደሆነ በቅጡ ያላወቃችሁት መሆኑ ነው ይላቸዋል። እኛ ቅኔ ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ነን፣ ሰም የተባለ ነገር ጆሯችን ከገባ ወርቁን ሳንቆፍር አናድርም። አዳምስ ያደረገው ወርቅ የሌለው ሰም ሰጥቶ ዓለምን በሙሉ ማስቆፈር ነው፣ እና ሰው እስከዛሬ ይቆፍራል፣ የርስዎ ተማሪ በቤዝ 13 እንደቆፈረው ማለት ነው። ይሄን በደንብ የሚያጣጥም ሰው ካለ የጎንደር ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቹ ይንገሩልኝ፣ በ1997 የቼዝ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ካሸነፈው የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በፊት የነበረው ኮምፒውተር ስሙ ዲፕ ሶውት ነበር፣ ከዚህ መጽሐፍ የተወሰደ ስም ነው። 44ቱን በተመለከተ ግን ከልጆቹ ጋር ነኝ።

«የፎርድ ፕሪፌክት ስም ምኑ ነው የሚያስቀው? ሰው ሁሉ በጣም ያስቃል ይላል፣ እኔ አልገባኝም።» ከማራኪ ካምፓስ

ፎርድ ፕሪፌክት እንግሊዝ አገር ከ1938 እስከ 1961 ይሰራ የነበረ ተራ የቤት መኪና ነው። ሰውየው ከሌላ ፕላኔት ሲመጣ ጥናቱን በደንብ ስላልሰራ፣ መንገድ ላይ የሞላው እሱ ስለሆነ ይሄ የተለመደ ስም ነው ብሎ ወሰደው። አንድ እንግዳ ሰው አራዳ ላይ አግኝቶሽ እጁን ዘርግቶ «ቶዮታ ቪትዝ እባላለሁ» ቢልሽ ማለት ነው። መኪናውን የማያውቅ አንባቢ ቀልዱ ያልፈዋል፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

«እኔ አልሳቅኩም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ምክንያቱም የእናቴ ቤት መንገድ ሊወጣበት ነው ሲባል እኛም የሰማነው ቀለም ተቀብቶ ካየነው በኋላ ነው። ሰው ቤቱ ሲፈርስ ማየት ምኑ ነው ቀልድ? አንተስ ይሄን ለሰው አንብቡ ማለትህ ትክክል ነው?» አንዲት አንባቢ

እህቴ፣ ይሄን ደብዳቤ ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ባለፈው ስጽፍ ይሄ ምዕራፍ እንዲህ የሚነካው ሰው እንዳለ አስቤ መጻፍ ነበረብኝ።

አሁን የማስበውን ልንገርሽ። አርተር ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም ሲል ሰውየው ፕላኑ ለሕዝብ እይታ ወጥቶ ነበር ይለዋል፣ የት? ምድር ቤት ውስጥ፣ መብራት በሌለበት፣ ደረጃው በፈረሰበት፣ አገልግሎት ባቆመ ሽንት ቤት ውስጥ ባለ ቁልፍ ሳጥን፣ በሩ ላይ ከነብር ተጠንቀቁ የሚል ተለጥፎበት። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሴ ጉዳይ ነው፣ ከዓመታት በፊት ስለ ቦታ ጉዳይ አንድ ቢሮ ስመላለስ ማስታወቂያ ተለጥፏል ይሉኛል፣ የት ነው ስል እዛ ነው ይሉኛል፣ አንድ ሳምንት ፈልጌ ያገኘሁት ከተከፈተ በር ጀርባ ነበር፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሚውል ወረቀቱ ግድግዳና በር መሀል ተጣብቆ ነው የሚውለው፣ የሚታየው ቢሮው ሲዘጋ ብቻ ነው፣ ቢሮው ሲዘጋ ደግሞ ማን ሊያየው። እዛ በር ጀርባ አንገቴን አስግጌ ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት ሳነብ አልሳቅኩም፣ ተቃጥዬ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ያንኑ በር ጀርባ ጽፎት ሳገኘው ግን ሳቅኩ፣ ሳቄም ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም የሚል ሳቅ ነበር።

አዳምስ የሚስቀው በአርተር አይደለም። ቮጎኖቹ መሬት ላይ ሲደርሱ ያንኑ ቃል ነው የሚደግሙት፣ ፕላኑ አልፋ ሴንታውሪ ላይ ባለው ቢሮ 50 ዓመት ተለጥፎ ቆይቷል፣ አሁን ምን ያስጮሃችኋል ነው የሚሉት፣ አልፋ ሴንታውሪ እኮ ብርሃን እንኳን ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ የሚፈጅበት ቦታ ነው። አንድ ጎጆ ያፈረሰውና መሬትን ያፈረሰው ሰውየ አፉ አንድ ነው። መጽሐፉን በዚህ ዓይን ነው የማነበው፣ ካንቺ ጎን ቆሞ የተጻፈ ነው ብዬ ነው የማምነው። ያም ሆኖ ቁስሉ ትኩስ ከሆነ አስቀምጪው፣ ማንም ሳቂ ብሎ ሊያስገድድሽ አይችልም። እናትሽን እግዜር ያጽናልሽ።

«የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከመርከቡ ወደ ሕዋ ሲጣሉ ሳንባን በአየር ሞልቶ 30 ሰከንድ መኖር ይቻላል ይላል፣ ትክክል ነው እንዴ? ሳይንስ ልቦለድ ከተባለ ሳይንሱ መስተካከል የለበትም?»

አየር ሞልቶ የሚለው ስህተት ነው፣ አደገኛም ነው። ውጪው ባዶ ሲሆን ሳንባ ውስጥ የታመቀው አየር ተስፋፍቶ ሳንባውን ይቀደዋል፣ አየሩን ወደ ውጪ ማስወጣት ነው የሚሻለው። ራስን ማወቅም የሚቆየው ወደ 10 ወይ 15 ሰከንድ ነው፣ በ1966 ናሳ ውስጥ አየር የተመጠጠበት ክፍል ገብቶ ልብሱ የተከፈተበት ሰራተኛ 14 ሰከንድ አካባቢ ነው ራሱን የሳተው፣ ቶሎ አየር ስለለቀቁለት ተረፈ፣ መጨረሻ የሚያስታውሰው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ እንደነበር ተናግሯል። እነ አርተር ግን በ29ኛው ሰከንድ ሌላ መርከብ ያነሳቸዋል፣ ያውም ሊሆን በማይችል አጋጣሚ፣ ምክንያቱም መርከቡ ራሱ የሚሰራው ሊሆን በማይችል ነገር ነው። ሳይንሱ መስተካከል አለበት ላልሽው፣ ደራሲው ትክክል ነው ብሎ ሊያሳምንሽ የሚሞክር መጽሐፍ ሲሆን አዎ። ይሄ እንደዛ አይደለም፣ አንቺ ግን በጠየቅሽው ደስ ብሎኛል፣ የሚያነብ ሰው እንዲህ ነው ማንበብ ያለበት።

«በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አሁን አንድ ድርጅት በር ላይ ጥበቃ ነኝ። ማርቪን ጭንቅላቴ ፕላኔት ያክላል፣ እነሱ ግን ወረቀት አንሳ፣ ሰው ተቀበል ነው የሚሉኝ ሲል መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌላው ሁሉ ረሳሁት፣ ማርቪን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።»

ወንድሜ፣ ማርቪንን በጣም የሚወዱትም በጣም የሚጠሉትም ጽፈውልኛል፣ አንዷ አንባቢ የሰው ድብርት መቀለጃ መሆን የለበትም ብላ ተቆጥታለች፣ አንዱ ደግሞ የጓደኞቹን ስም ሁሉ ማርቪን ብሎ ቀይሮታል። ያንተን ግን ሳነብ ሌላውን ሁሉ ተውኩት። አዳምስ ማርቪንን የቀዳው አንድሩ ማርሻል ከሚባል የኮሜዲ ጸሐፊ ጓደኛው ጸባይ ነው፣ ማለትም ከሰው ነው የቀዳው፣ ለዛ ይመስለኛል ከሁለት ራሱ ሰውዬ ይልቅ ማርቪን ሰው የሚመስለው። እና አንድ ነገር ልብ በል፣ መጨረሻ ላይ እነ አርተርን ከሞት የሚያወጣቸው እሱ ነው። ተኩስ ተከፍቶባቸው መውጫ አጥተው እያለ ማርቪን ከጠላቶቹ መርከብ ኮምፒውተር ጋር ስለ ኑሮው ያወራል፣ ኮምፒውተሩ ሰምቶ ሰምቶ ራሱን ያጠፋል፣ ሲተኩሱ የነበሩትም የሚተነፍሱት በሱ ስለነበር አብረው ይሞታሉ። ይሄን ያደረገው በድካሙ ነው፣ ማንም አመሰግናለሁ አላለውም። ምክር የለኝም፣ አንተን ግን በሩ ላይ ሳልፍ ሰላም ሳልልህ እንዳላልፍ ስምህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

«ዲያቆን ነኝ። ስለ ባቤል አሳ የሚለው ቦታ ላይ እግዚአብሔር የለም ብሎ አረጋገጠ ይላል። ይሄን ለወጣቱ ማስነበብ ኃጢአት አይሆንም ወይ?»

ዲያቆን፣ ሳልደብቅ ልንገርዎ፣ አዳምስ በእግዚአብሔር አላምንም ብሎ በግልጽ የተናገረ ሰው ነበር፣ እኔ ደግሞ አማኝ ነኝ። ቦታውን ለማያውቀው፣ ባቤል አሳ ማለት ጆሮ ውስጥ ሲገባ የየትኛውንም ፍጡር ቋንቋ የሚያስተረጉም ትንሽ አሳ ነው፣ በ1997 የወጣው የአልታቪስታ የኢንተርኔት አስተርጓሚ ስሙን ከሱ ነው የወሰደው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ ይሄ አሳ እንዲህ ጠቃሚ ሆኖ በአጋጣሚ ሊፈጠር አይችልም፣ ስለዚህ ፈጣሪ መኖሩ ተረጋገጠ፣ ከተረጋገጠ ደግሞ እምነት አያስፈልግም፣ ስለዚህ የለም ብሎ ይከራከራል። ግን ጥቂት ወረድ ብለው ይዩት፣ ያ ሰው በክርክሩ ተደስቶ ቀጥሎ ጥቁር ነጭ ነው ብሎ ያረጋግጣል፣ ከዛ ዜብራ ላይ ሲሻገር መኪና ይገጨዋል። በቃል ጨዋታ ሁሉን የረታ የመሰለው ሰው ነው መሳቂያው። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና እኮ እዚሁ ጎንደር ሊቃውንት መሀል ቁጭ ብለው በነገር ሲወጉ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ማንም ከሃዲ አላላቸውም። ለወጣቱ ስጡት እላለሁ፣ ግን አብረውት ያንብቡ፣ ሲጠይቅዎት እንዲመልሱለት።

«እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው ያጠናሁት፣ ተጋንኗል ነው የምለው። ሴራ የለውም፣ ገጸ ባህሪዎቹ አያድጉም፣ ትሪሊያን የአስትሮፊዚክስ ምሁር ናት ተብሎ ስራዋ ቁልፍ መጫን ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ምግብ ልንበላ እንሂድ ተብሎ ይቋረጣል። መልስ እፈልጋለሁ።» ከቀበሌ 18

ስለ ትሪሊያን ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርም፣ መርከቡ ላይ ያለች ብቸኛ ሴት ናት፣ ከሁሉም ትበልጣለች ይባልልናል እንጂ ስትበልጥ አናይም፣ ይሄ የመጽሐፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

መጨረሻውን በተመለከተ ምክንያት አለው። አዳምስ ቀጠሮ የማያከብር ጸሐፊ ነበር፣ አሳታሚዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ደውለው ስንት ገጽ ደርሷል አሉት፣ ነገራቸው፣ በቃ አሁን ያለህበትን ገጽ ጨርስና ስጠን አሉት። ራሱ ነው ይሄን የተረከው። የቀረው ታሪክ በ1980 በሁለተኛው መጽሐፍ ወጣ።

ሴራ የለውም የሚለው ላይ ግን ቆም እንበል፣ እኔ ባለፈው እትም መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩት ነገር እዚህ ጋ ነውና። ይሄ ነገር ሲወለድ መጽሐፍ አልነበረም። በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ማርች 8 ቀን 1978 የተጀመረ የሬዲዮ ድራማ ነው፣ ስድስት ክፍል ነበር፣ በ1979 የወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ይዞ የተጻፈ ነው። ለጆሮ ነው የተጻፈው። የሬዲዮ ሰው ሴራ ይዞ አይሮጥም፣ አድማጩን በየደቂቃው በድምጽ፣ በአነጋገር፣ ባልታሰበ ቃል ነው የሚይዘው፣ ያንን ብቻሽን አልጋ ላይ ተጋድመሽ በዓይንሽ ስታነቢው ግማሹ ይሞታል። እኛስ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ባይተርክልን ኖሮ ስንቱ ሰው ነበር በዛ መጽሐፍ ፍቅር የሚወድቀው?

ይሄን የተረዳሁት በጥናት አይደለም። መጀመሪያ ብቻዬን ሳነበው እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፣ እዚህም እዚያም ፈገግ አልኩ፣ ጨረስኩት፣ አስቀመጥኩት። አንድ ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ አክስቴና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው፣ እህቴ ምንድነው የያዝከው አንብብልን አለችኝ። ኮፒው ከሰው እጅ ሰው እጅ የዞረ ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ከኔ በፊት በእርሳስ በየዳሩ የአማርኛ ትርጉም ጽፎበታል፣ እሱን እያየሁ እንግሊዝኛውን በዓይኔ፣ አማርኛውን በአፌ እያደረግሁ ጀመርኩ። አቦሉ ላይ ዝም ብለው ሰሙ። ቶናው ላይ ያ ምድር ቤት ጋ ደረስኩ፣ ከነብር ተጠንቀቁ የሚለውን ያ የእርሳሱ ሰው «ኃይለኛ ነብር አለ» ብሎ ነው የጻፈው፣ እኛ ግቢ በር ላይ ኃይለኛ ውሻ አለ እንደምንለው፣ እሱን ሳነብ እህቴ ስኒውን ይዛ ተንፈራፈረች። አክስቴ ሳትስቅ ትክ ብላ አየችኝና «እና ነብሩ ነበረ?» አለች። እኔ እንጃ እትዬ መጽሐፉ አይናገርም አልኳት። «ገብቶ ያየ ሰው ከሌለማ እንዴት ይታወቃል፣ ለዛም እኮ ነው የጻፉት» አለች። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች ስትስቅ በረካው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው። ያቺን ቀን ነው መጽሐፉ የገባኝ። አክስቴ የተናገረችውን በየትኛውም ሂስ ላይ አላነበብኩትም።

ስለዚህ ክርክርሽን አልቀበልም አልልሽም፣ አንዴ ግን ለሰው ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ሃያ ገጽ ብቻ፣ ከዛ ድጋሚ ጻፊልኝ፣ ያኔም ተጋንኗል ካልሽ እቀበልሻለሁ።

«ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?» አንድ አባት

እንግሊዝኛው ከያዘለት ከ12፣ 13 ዓመት ጀምሮ። የሚጠጡበት ቦታ ብዙ ነው፣ ከዛ ውጪ ብዙ ነውር የሚባል ነገር የለበትም።

«ስሜን ላይ አስጎብኚ ነኝ። ያ ፕላኔት እየሰራ የሚኖረው ሽማግሌ ስላርቲባርትፋስት የኖርዌይን ዳርቻ እኔ ነኝ የሰራሁት ሲል ደስ አለኝ፣ አፍሪካ ላይ ፊዮርድ እሰራለሁ ሲል አለቆቹ ለወገብ ምድር አይሆንም አሉት የሚለው ግን አናደደኝ። አፍሪካ ማለት ሙቀት ብቻ ነው የሚመስላቸው?»

ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ደራሲው ካንተ ጋር ነው፣ ሞኞቹ አለቆቹ ናቸው። ሽማግሌው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ ሽልማት ያገኘበትን ነገር ደግሞ መስራት ነው የሚፈልገው፣ አፍሪካ እንደዚህ መምሰል አለባት ብለው የሚወስኑት ቦታውን ያላዩ ናቸው። የኖርዌይ ፊዮርድ በረዶ ግግር ቆርጦት ባህር የገባበት ሸለቆ ነው፣ ስሜን ደግሞ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ተከምሮ፣ ውሃ እየቦረቦረው እንዲህ የሆነ ነው፣ ባህር የለውም እንጂ ገደሉ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ላየው ሰው ስራቸው ይመሳሰላል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ላይ ውርጭ ስትረግጥ ለወገብ ምድር አይሆንም ያለህን ሰው ብታመጣው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የገጠመኝ ነገር ልጨምርልህ፣ የስሜን ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 ነው፣ ድራማው በሬዲዮ በተጀመረበት ዓመት፣ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979፣ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት። ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ ግን ለቱሪስት ብትነግረው ይወድልሃል።

የመጨረሻው ደብዳቤ በሰው እጅ የተጻፈልኝ ነው፣ አስጽፈውት።

«ልጄ፣ እንደምን አለህ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ በመተማም በሁመራም ብዙ ዘመን ነድቻለሁ። የልጅ ልጄ ያን መጽሐፍ እያነበበ ማታ ማታ ይነግረኛል። ፎጣ ያለው ሰው ምንም አይቸግረውም የሚለውን ወድጄዋለሁ፣ እውነት ነው፣ እኔ ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ አላውቅም ነበር፣ አቧራ ሲነሳ አፍ ላይ፣ ራዲያተር ሲግል ክዳኑን መክፈቻ፣ ሲመሽ ትራስ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ መጽሐፉ ስለ ሊፍት ከሆነ ስለ ሹፌሩ ለምን አያወራም? እኔ ስንቱን ለማኝ ከመንገድ ያነሳሁ ሰው ነኝ፣ የጫነኝ ማነው ብሎ የጠየቀ የለም።»

አባቴ፣ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፣ መጽሐፉን ድጋሚ ገለጥኩት። አዳምስ ራሱ ሀሳቡ የመጣልኝ በ1971 በሊፍት አውሮፓን ስዞር፣ ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ሜዳ ላይ ሰክሬ ተጋድሜ ኮከብ ሳይ ነው ብሏል፣ የጫኑትን ሹፌሮች ግን እኔ ያነበብኩት ቦታ ላይ አያነሳቸውም። መጽሐፉ ውስጥም እውነትዎን ነው፣ የመርከቡ ካፒቴን አልጫናቸውም፣ ሲያገኛቸው ግጥሙን አስገድዶ አሰምቷቸው ወደ ውጪ ነው የወረወራቸው። የጫኗቸው የመርከቡ ወጥ ሰሪዎች ናቸው፣ ዴንትራሲ ይባላሉ፣ አለቆቻቸውን ለማናደድ ሲሉ በድብቅ ነው ያስገቧቸው። እርስዎ ሳያውቁ ረዳቱ ከኋላ ሰው እንደሚጭነው ማለት ነው፣ ያንን መቼም ከኔ በላይ ያውቁታል። እነሱም አንድ ሁለት ገጽ ላይ ተጠቅሰው ይጠፋሉ፣ የደረሰባቸው ምን እንደሆነ አይነገርም፣ እኔም እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ አላሰብኳቸውም ነበር።

አዳምስ በሜይ 2001 በ49 ዓመቱ በድንገት ሲሞት አንባቢዎቹ ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ሜይ 25 ቀን፣ ፎጣ ይዘው ወጡ፣ እስካሁንም በየዓመቱ ያንን ቀን ፎጣ ይዘው ይውላሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈላል፣ ወጥ ሰሪዎቹ ያሉበትን ገጽ ከመጀመሪያው አነባለሁ፣ አክስቴም ትመጣለች። የልጅ ልጅዎ ቤቱን ያውቀዋል፣ ፎጣዎን ይዘው ይምጡ።